ጤ በስምንት ፒክስል፦ የግዕዝ የኮድ ፎንት መሥራት ለምን ያስቸግራል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የተባለው ሀገር አቀፍ የሥልጠና መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ ኮድ መጻፍ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ሥራ ብቻ መሆኑ እየቀረ ነው። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባለባት አዳማም ላፕቶፑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍቶ የሚተክዝ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ከዚሁ ጋር አንድ ክርክር ተደጋግሞ ይሰማል። አማርኛ የገባበት ኮድ ወይም ሰንጠረዥ ስክሪን ላይ ሲዛባ አንዱ ወገን «ኮምፒውተር አማርኛ አይስማማውም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የራሳችን የኮድ ፎንት ቢኖር ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር» ባይ ነው።

የመጀመሪያው አባባል ጊዜው አልፎበታል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ አንድ መለያ ቁጥር የሚሰጥ የጋራ መዝገብ ነው። ሁለተኛው አባባል ወደ እውነቱ ይጠጋል፣ ግን ፎንት የሚፈታውንና የማይፈታውን ያደባልቃል።

ሞኖስፔስ ምንድን ነው?

ሞኖስፔስ የሚባለው እያንዳንዱ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት እኩል ስፋት የሚይዝበት የፎንት ዓይነት ነው። መጽሐፍ በሚታተምበት ወይም ስልክ ላይ በምናነብበት ፎንት ር ጠባብ ቦታ ይበቃዋል፣ ጨ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። ሞኖስፔስ ላይ ግን ሁለቱም እንደ ሒሳብ ደብተር ካሬ እኩል ሳጥን ይደርሳቸዋል።

መነሻው የጽሕፈት መኪና ነው። ቁልፍ በተመታ ቁጥር ወረቀቱን የተሸከመው ክፍል እኩል እርምጃ ስለሚሄድ፣ ፊደሉ ከእርምጃው ጋር መስማማት ነበረበት። ዛሬም ኮምፒውተር ውስጥ የምናገኘው ኩሪየር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለአይቢኤም የጽሕፈት መኪና የተሣለ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ሲያላምዱ የገጠማቸውም የዚሁ ዘመድ የሆነ ችግር ነበር። ለላቲን በተሠራ የቁልፍ ብዛት ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ሊገባ ስለማይችል፣ ግንዱ በአንድ ቁልፍ ቅጥያው በሌላ ቁልፍ እየተመታ ይገጣጠም ነበር። በድሮ ደብዳቤዎች ላይ ቅጥያው ከግንዱ ሸሸት ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

የጽሕፈት መኪናው ቢቀርም ፕሮግራመሮች እኩል ስፋትን አልተዉም። እንደ ፓይተን ባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች በመስመር መጀመሪያ የሚተወው ባዶ ቦታ ራሱ ሰዋስው ነው፤ አንድ መስመር ከላዩ መስመር እኩል መጀመሩን ዓይን ወዲያው ማየት አለበት። ሌላው ምክንያት ብዙም የማይነገርለት የስህተት ጠቋሚ ነው። ፕሮግራሙ ስህተት ሲያገኝ መስመሩን ደግሞ ያሳይና ከሥሩ ^ የምትመስል ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቷ የምትቆምበት ቦታ የሚታወቀው ከፊት ያሉት ፊደሎች ተቆጥረው ነው፤ 20 ፊደል ካለፈ 20 ባዶ ቦታ ተትቶ ^ ይጻፋል። መስመሩ ውስጥ «ክፍያዎ በተሳካ ሁኔታ ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ ካለና ፊደሎቹ ከባዶ ቦታው የሰፉ ከሆኑ፣ ጠቋሚዋ ከስህተቱ ወደ ግራ ርቃ ሌላ ጤነኛ ፊደል ሥር ትቆማለች። ጀማሪም ጤነኛውን ሲያክም ይውላል።

አማርኛ ሲገባ ምን ይፈጠራል?

ፕሮግራመሮች የሚያዘወትሯቸው ኮንሶላስ፣ ኩሪየር ኒው፣ ፊራ ኮድ ወይም ጄትብሬይንስ ሞኖ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ይህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ባዶ አይተውም፤ ፊደሉ ያለበትን ሌላ ፎንት ፈልጎ ይተካል። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይመጣል። ሁሉም ለንባብ የተሠሩ፣ ስፋታቸው ከፊደል ፊደል የሚለያይ ፎንቶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሚታየው መዛባት እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል። ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር በአብዛኛው ተተኪውን ፊደል በተፈጥሮ ስፋቱ ያስቀምጠዋል፤ ፊደሉ ያምራል፣ ዓምዱ ግን ይንሸራተታል። ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ሳጥኑን አይለቅም፤ ሰፊው ጨ ወይ ጎኑ ይቆረጣል ወይ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል። «ኮምፒውተር አማርኛ አይስማማውም» የሚያሰኘው ይህ ትዕይንት ነው። መረጃው ግን አንድም ፊደል አልጎደለበትም፤ የተበላሸው ሥዕሉ ብቻ ነው።

ማን ይፈልገዋል?

«ኮድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የግዕዝ ሞኖስፔስ ማንም ያልጠየቀው ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ አለ። በከፊል ትክክል ነው። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ሦስተኛ ትውልዱ ጀምሮ ተለዋዋጮችን፣ ማለትም ኮድ ውስጥ ዋጋ የሚይዙ ስሞችን፣ በአማርኛ መሰየም ይፈቅዳል፤

ዋጋ = 120

ብሎ መጻፍ ይቻላል። ሆኖም የቋንቋው ቁልፍ ቃላት እንግሊዝኛ እንደሆኑ ስለሚቀሩ ጸሐፊው በየመስመሩ ኪቦርድ ሲቀያይር ሊውል ነው። ለጀማሪ ሕፃናት ትምህርት ካልሆነ በቀር በአማርኛ ስም የሚጻፍ ኮድ ይስፋፋል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ግን አማርኛ ወደ ፕሮግራመሩ ስክሪን የሚመጣው በኮዱ በኩል ብቻ አይደለም። የሞባይል መተግበሪያ ትርጉም የሚቀመጥበት ፋይል፣ የደንበኞች ስም ዝርዝር፣ ከዳታቤዝ የወጣ ሰንጠረዥ፣ የሥራ መዝገብ ሁሉ አማርኛና ላቲን በአንድ መስመር የሚቀመጡባቸው ናቸው። ደረሰኝም አለ። 58 ሚሊ ሜትር ወረቀት የሚጠቀሙት ትናንሽ የሙቀት ማተሚያዎች በአግድም 384 ነጥብ ያትማሉ፤ ለአንድ ፊደል 12 ነጥብ ሲመደብ በመስመር 32 ፊደል ይሆናል። ይህ ራሱ ሞኖስፔስ ነው። ብዙዎቹ ማተሚያዎች ግዕዝ ስለሌላቸው፣ አዳማ ያለ ምግብ ቤት ሒሳቡን በአማርኛ ላትም ቢል ሶፍትዌሩ ጽሑፉን መጀመሪያ ወደ ሥዕል መቀየር ይኖርበታል። ሥዕሉ በየትኛው ፎንት ይሣል? «ጥብስ» እና «ሽሮ» የሚሉት ፊት ለፊታቸው ካለው ዋጋ ጋር እንዲሰለፉ እኩል ስፋት ያለው ግዕዝ ያስፈልጋል። ከፕሮግራመሮች ቁጥር ይልቅ ክርክሩን የሚያጠናክረው ይህ ይመስላል።

አንድ ሳጥን ወይስ ሁለት?

ፎንቱ ይሠራ ከተባለ መጀመሪያ የሚወሰነው ስፋቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ቻይንኛና ጃፓንኛ ይህን የፈቱት ለአንድ ፊደል ሁለት የላቲን ሳጥን በመስጠት ነው። ለግዕዝም እንዲሁ ይደረግ የሚሉ ሰዎች ጥሩ መከራከሪያ አላቸው። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃሉ አጭር ነው። «ሽንኩርት» አምስት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ስምንት ይሆናል። በሁለት ሁለት ሳጥን ቢቀመጥ 10 ቦታ ይወስዳል፤ ከስምንት ብዙም አይርቅም፣ ፊደሉም ተዝናንቶ ይቀመጣል።

እንቅፋቱ ከሥነ ውበት ውጭ ነው። ተርሚናሎች አንድ ፊደል ስንት ሳጥን እንደሚይዝ የሚጠይቁት ፎንቱን አይደለም፤ ዩኒኮድ ያዘጋጀውን የስፋት ሰንጠረዥ ነው። በዚያ ሰንጠረዥ የቻይንኛ፣ የጃፓንኛና የኮሪያኛ ፊደላት «ሰፊ» ተብለው ሲመዘገቡ ግዕዝ «ገለልተኛ» ተብሏል፤ ገለልተኛ ደግሞ በተግባር አንድ ሳጥን ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ሳጥን የሚሞላ ግዕዝ የሣለ ዲዛይነር ፊደሉ ከተመደበለት ቦታ ውጭ ሲፈስ ያየዋል። ምዝገባው ይለወጥ ብሎ መጠየቅ ይቻል ይሆናል፤ ቢለወጥ ግን እስከ ዛሬ አንድ ብለው የቆጠሩ ፕሮግራሞች ሁሉ ሁለት ከሚሉት ጋር ለዓመታት አይስማሙም።

መካከለኛ መንገድም ተሞክሯል። አይኤ ራይተር የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ፎንት ሰፋፊዎቹ የላቲን ፊደላት አንድ ተኩል ሳጥን ተሰጥቷቸዋል። ለጽሕፈት ደስ ይላል፤ ተርሚናል ግን ግማሽ ሳጥን አያውቅም።

በዚህ ጸሐፊ ግምት ሚዛኑ ወደ አንድ ሳጥን ያደላል። ይህ ከሁሉ የሚያምረው አማራጭ አይደለም፤ ነገር ግን ዛሬ ባሉት ፕሮግራሞች ላይ ማንንም ሳይለምኑ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

ሦስት እግርና አንድ ቀለበት

አንድ ሳጥን ከተባለ ደግሞ ጥበቱን ከቅርብ ማየት ያስፈልጋል። ፎንት የሚሣለው አብዛኛውን ጊዜ በ1000 ክፍል በተከፈለ ቁመት ላይ ሲሆን፣ የኮድ ፎንቶች የተለመደ የሳጥን ስፋት 600 አካባቢ ነው። ኮዱ በ14 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) መጠን ቢከፈት ስፋቱ 8.4 ፒክስል ይሆናል፤ በተራ ስክሪን ላይ ስምንት ማለት ነው።

አሁን ጤ በስምንት ፒክስል ይሣል። ጠ ሦስት እግር አለው፤ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ፒክስል ይፈልጋል። እግሮቹ እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ሁለት ባዶ ፒክስል ይግባ፤ አምስት ሆነ። የኃምሱ ቀለበት ከቀኝ እግር ጋር አንድ ግድግዳ ቢጋራም ለቀዳዳውና ለውጭ ግድግዳው ሁለት ፒክስል ይጨምራል፤ ሰባት። ከሚቀጥለው ፊደል የሚለይ አንድ ባዶ ሲታከል ስምንት ሞላ። ለስህተት የተረፈ ቦታ የለም። ደመቅ ያለ ዓይነት ይሠራ ቢባል ሦስቱ እግሮች ብቻቸውን ስድስት ፒክስል ይወስዱና ቀለበቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ጨና ዘሮቹ ከጠ በላይ ጭማሪ ስላላቸው ይብሳሉ፤ ሁለት ፻ የተጣመረ የሚመስለው ፼ ደግሞ ከነጭራሹ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው።

ሳጥኑን ወደ 650 ማስፋት አንድ ፒክስል ያስገኛል፤ ዘጠኝ ይሆናል። ዋጋው ግን አለ። ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች 1366 ፒክስል ስፋት ያለው ስክሪን ነው ያላቸው። በስምንት ፒክስል ሳጥን 80 ፊደል የሚይዙ ሁለት ፋይሎች ጎን ለጎን 1280 ፒክስል ስለሚፈልጉ ይገባሉ፤ በዘጠኝ ግን 1440 ይሆንና አይገቡም። ጎን ለጎን ማየት ለለመደ ፕሮግራመር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስክሪናቸው ጥራት ያለው ሰዎች ይህ ሁሉ ጭንቀት አይነካቸውም፤ ፎንቱ ለማን ነው የሚሠራው የሚለው ጥያቄ ግን የሚመለሰው እዚህ ነው።

ስፋቱ ቢፈታ እንኳ መለየት ይቀራል። ባ እና ቦ የሚለያዩት የትኛው እግር ረዘመ በሚለው ብቻ ነው። ቡ እና ቢ ቅጥያቸው አንድ ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ ሌላው እግሩ ላይ። ሰን ከሸ፣ ነን ከኘ የምትለየው አናት ላይ ያለች ጭረት ናት። ለመጽሐፍ ፎንት እነዚህን ለስለስ አድርጎ መሣል ያምራል፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ለኮድ ፎንት ግን የዕጩ ደንበኛ ስም «ቦጋለ» ይሁን «ባጋለ» ዐረፍተ ነገር አይነግረንም። እግሩ በአንድ ሳይሆን በሦስት ፒክስል ማጠር፣ ቅጥያው ከልክ በላይ መውጣት አለበት። ውጤቱ ለብራና ጽሑፍ ዓይን ግትር ይመስላል። ይሁን፤ ዓላማው ሌላ ነው።

አዳማ ላይ የሚጨመር ሥራ

በአዳማ ግዕዝ ብቻ የያዘ ፎንት ሥራውን በግማሽ ያቆማል። የከተማዋ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው። የሱቅ ሰሌዳው ቁቤና ግዕዝን ጎን ለጎን እንደሚይዘው ሁሉ የነጋዴው የዕቃ ዝርዝርም ይይዛል።

ቁቤ ለኮድ ፎንት የራሱ ፈተና አለው። ረጅም አናባቢና የሚጠብቅ ተነባቢ በድርብ ስለሚጻፉ ቀጫጭኖቹ አይ እና ኤል ተደጋግመው ይመጣሉ፤ ከቁጥር 1 ጋር የሚምታቱ ከሆነ ንባቡ ይደክማል። ከሁሉ የሚብሰው ሁዻ ነው፤ የጉሮሮ ድምፅን ለማመልከት የሚገባው ትንሹ ጭረት። በዳታቤዝ ቋንቋ ይኸው ጭረት የጽሑፍን መጀመሪያና መጨረሻ ያሳያል። ስሙ ውስጥ ሁዻ ያለበት ደንበኛ በጥንቃቄ ባልተጻፈ ፕሮግራም ሲመዘገብ ትእዛዙ መካከል ላይ ይቆረጣል። በዚያ ላይ አንዳንድ ስልክ ቀጥ ባለው ጭረት ፋንታ የተቆለመመውን ይጽፋል፤ ለዓይን አንድ፣ ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው። ቀጥ ያለውን፣ የተቆለመመውንና ወደ ኋላ የዘመመውን ጭረት በአንድ እይታ የሚያስለይ ፎንት ቢያንስ ስህተቱን ያጋልጣል። ዲዛይነሩ ላቲኑን «አለቀለት» ብሎ ከሌላ ቦታ እንዳለ ቢወስደው ይህን ሊያልፈው ይችላል።

ግዕዙና ላቲኑ በቁመትም መስማማት አለባቸው። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም እንደ ላቲን ትልቁ ፊደል ከፍ ካሉ አማርኛው መስመሩ ውስጥ የሚጮኽ ይመስላል። ብዙዎች የሚመርጡት በትልቁና በትንሹ መካከል የሚያርፍ ቁመት ነው።

ፎንት የማይፈታው

ብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች የሁለት ነጥብ ቁልፍ ሲጫን የግዕዙን ፡ ይሰጣሉ። ጸሐፊው ኪቦርዱን ሳይመልስ ኮድ ውስጥ ቢያስገባው ፓይተን የማይታወቅ ምልክት አገኘሁ ብሎ ይቆማል፤ ለእሱ ይህ በዩኒኮድ ቁጥር 1361 የተመዘገበ ሌላ ምልክት ነው። የግዕዙ «፤» በላቲኑ «;» ፋንታ ሲገባም እንዲሁ። ፎንቱ የግዕዙን ነጥቦች አራት ማዕዘን፣ የላቲኑን ክብ አድርጎ በመሣል ልዩነቱን ሊያሳይ ይችላል። ማረም ግን አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ አሳሳች አማራጭ አለ። እንደ ፊራ ኮድ ያሉ ፎንቶች ተከታታይ ምልክቶችን አዋህደው እንደ አንድ ምልክት ያሳያሉ፤ ለምሳሌ != የሚለውን ≠ አስመስለው። በዚሁ ዘዴ ሰዎች ሁለት ጊዜ የሚመቱት ፡፡ ልክ እንደ ። እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ስክሪኑ ይጸዳል፤ ፋይሉ ውስጥ ግን ሁለቱ እንደተለያዩ ናቸው፣ ።ን የፈለገ ሰው ፡፡ን አያገኝም። ሞኖስፔስ ላይ ፡፡ ሁለት ሳጥን፣ ። አንድ ሳጥን መያዙ ልዩነቱን በግልጽ ስለሚያሳይ እንዳለ መተው ይሻላል።

የግዕዝ ቁጥሮችም ከፎንት አቅም በላይ ናቸው። ዜሮና የቦታ ዋጋ ስለሌላቸው ዩኒኮድ ከአሥርዮሽ አሃዞች ጋር አልመደባቸውም፤ ፓይተን ፩ን ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይር ቢባል እምቢ ይላል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ብለው የሰየሟቸው ተለዋዋጮችም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ይቀራሉ።

ከባዶ መነሳት ወይስ መዋስ?

መሠረታዊው የግዕዝ ክፍል በዩኒኮድ 358 ምልክቶች አሉት፤ ተጨማሪዎቹ ክፍሎች ሲደመሩ 523 ይደርሳሉ። መደበኛው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ የሚያወጣው 95 ብቻ ነው። የሥራው ብዛት መዋስን ያስመኛል፤ ፈቃዱም አለ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ ጄትብሬይንስ ሞኖና ሶርስ ኮድ ፕሮ በክፍት የፎንት ፈቃድ የወጡ ናቸው። ፈቃዱ መለወጥንና ማሰራጨትን ይፈቅዳል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ይከለክላል፣ ባለቤቱ ስሙን ካስጠበቀም የተለወጠው ሌላ ስም መያዝ አለበት።

ይሁንና የንባብ ፎንትን ጎትቶ ሳጥን ውስጥ መክተት አቋራጭ አይደለም። ጨ በስፋቱ 30 በመቶ ሲጨመቅ ቋሚ እግሮቹ በ30 በመቶ ይሳሳሉ፤ አግድም መስመሮቹ ግን ውፍረታቸው አይነካም። ፊደሉ ወገቡ ወፍሮ እግሩ የከሳ ይሆናል። ጠባቡ ር ደግሞ በተቃራኒው ተለጥጦ ይታያል። ስለዚህ አጽሙን መዋስ እንጂ መስመሩን እንደገና መሣል አይቀርም። ፎንትፎርጅ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል።

አንድ የሚረሳ ቴክኒካዊ ነጥብ አለ። ፎንቱ ፋይል ውስጥ «ሁሉም ፊደሌ እኩል ስፋት አለው» የሚል ምልክት መሞላት አለበት፤ አንዳንድ ተርሚናሎች ይህን ካላዩ ፎንቱን ከምርጫ ዝርዝራቸው ጭምር ያስወጡታል። ፊደል ላይ የሚቀመጠው የማጥበቂያ ምልክት ደግሞ የራሱ ሳጥን ሳይኖረው ከፊደሉ በላይ ማረፍ ይኖርበታል።

በአዳማም ሆነ በሌላ ከተማ ሥራውን የሚጀምር ቡድን በፊደል ገበታው ቅደም ተከተል ከሀ ቢነሳ ስፋቱ ይበቃል አይበቃም የሚለውን የሚያውቀው ጠና ጨ ላይ ሲደርስ ነው። ያኔ ሳጥኑን ማስፋት ማለት የተሣለውን ሁሉ እንደገና መንካት ነው። መጀመሪያ ጤ፣ ጬ፣ ሟ እና ፼ ይሣሉ፤ በ14 ፒክስል፣ 1366 ስፋት ባለው አሮጌ ስክሪን ላይ ተከፍተው ይታዩ። እነሱ ከተነበቡ በኋላ ስፋቱ ይጽና፣ የቀሩት ይከተሉ።